ለካርድ ክፍል የጻፍኩት መመሪያ

ጤና ጣቢያችን የሕሙማንን ካርድ ከመደርደሪያ ወደ ኮምፒውተር ሲያዞር፣ የአጠቃቀም መመሪያውን በአማርኛ እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ሁለት ሳምንት ለፋሁበት። ሠላሳ ገጽ አስጠርዤ ካርድ ክፍል ለሚሠሩት እትዬ ሰጠኋቸው። ከአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ የሚመጣውን ሰው መልኩን አይተው ብቻ ካርዱን የሚያወጡ ሴት ናቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አንድ ገጽ አነበቡና ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ‹የተገልጋዩን መረጃ ያረጋግጡ› ማለት ምን አድርጊ ማለት ነው?»

«ስሙን ከነአባቱ ጠይቀው ትክክል መሆኑን ይዩ ማለት ነው።»

«ታዲያ እንደሱ ብለህ አትጽፈውም?»

እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። በማግስቱ ግን ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው ይሞክራሉ፤ እኔ የተሳሳቱበትን እጽፋለሁ። «ከነአባቷ ስሟ አንድ የሆነ ስድስት ሴት ቢመጣብኝ የቷን ልንካ?» አሉኝ። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። የአያት ስምና ቀበሌ እንዲጠየቅ ጨመርኩ። ሠላሳው ገጽ ዘጠኝ ሆነ።

ሥራው በተጀመረ በሳምንቱ ደሴ ለስብሰባ ተጠራሁ። ያጠፋሁትን ስልክ ስከፍት አዋላጇ ሦስት ጊዜ ደውላለች። ወዲያው መልሼ ደወልኩ።

«ምጥ የያዛት ሴት በባጃጅ አምጥተውልን ነበር» አለችኝ። «ራሷን አታውቅም፤ ባሏም ተደናግጦ የሚናገረው አይያዝም። ካርዷን ማግኘት ቢያቅተን ነው የደወልንልህ። ኋላ እትዬ ወረቀትህን እያዩ የአያቷን ስምና ቀበሌዋን ጠይቀው አወጡት። በፊተኛው ወሊድ ብዙ ደም ፈሷት ነበር ለካ። ተዘጋጅተን ጠበቅናት፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው።»

ስመለስ ሚኒባሱ ከደሴ ሳይወጣ እንቅልፍ ጣለኝ፤ ሐይቅ ከተማ ስንደርስ የቀሰቀሱኝ ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ ናቸው። ሥራው ከተጀመረ ወዲህ በስጋት ደህና እንቅልፍ አልተኛሁም ነበር።

ጠዋት ካርድ ክፍል ገባሁ። እትዬ «አልሐምዱሊላህ፣ አሏህ አወጣን» ብለው መመሪያውን ዘረጉልኝ። አራተኛው ገጽ ዳር ላይ በእስክሪብቶ ጽፈዋል፦ «ሰውየው ከደነገጠ መጀመሪያ አስቀምጪው፤ ውኃ ስጪው፤ ስም ከዚያ ጠይቂ።»

«ይቺን ረስተሃታል» አሉኝ።

እዚያው ቁጭ ብዬ እንዳለች ተየብኳት።