ወርቅአፈራሁ በንጉሡ አጸድ

አፍንጮ በር ወርቅአፈራሁ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ቀልጣፋ፣ ሳቂታ፣ ምላሰ ፈጣን። አራዳ ሱቅ ከነበረው ጀርመናዊ ነጋዴ ቤት በልብስ አጣቢነት ገባች። ዓመታት ሲያልፉ የቤቱ እመቤት ያለ እሷ አልሆን አላት፤ እሷም እያወላገደችም ቢሆን የጓዳውን ጀርመንኛ ለመደችው።

ያ ሁሉ ሳቋ ግን የጓሮዋ ነገር ሲነሣ ይጠፋ ነበር። ጎረቤቷ ባላምባራስ ዓምደሚካኤል የበቅሎ ጋጣ ሊሠሩ ፈልገው አጥራቸውን ገፉና ጓሮዋን ከግቢያቸው ቀላቀሉት። ከእናቷ የወረሰችው የጌሾ ተክል፣ ከአጥር ማዶ ሆና እያየች፣ የበቅሎ ቀለብ ሆነ። እከሳለሁ ስትል ዘመዶቿ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያሉ አፏን አስያዟት። ባላምባራስ ንጉሥ አይደሉም ብትልም፣ ለድኻ ሁሉም ጌታ ንጉሥ ነው አሏት። እሷም እህህ እያለች ተቀመጠች።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ዓመተ ምሕረት ገደማ እመቤቲቱ ታመመችና አገሯ ገብታ ልትታከም ሆነ። በመንገድ የሚደግፋት ሰው ስላሻት ወርቅአፈራሁን ይዛ ተነሣች። በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ፣ ከዚያ እንደገና በባቡር ተጉዘው ፖትስዳም ከምትባል ከተማ፣ ከእመቤቲቱ እኅት ቤት አረፉ።

አንድ እሑድ ዘመድ አዝማዱ በሽተኛዋን ሊጠይቅ ተሰበሰበ። እመቤቲቱም ወርቅአፈራሁን፣ ዛሬ አንቺም ዕረፊ፣ የጥንቱን ንጉሥ አጸድ ሄደሽ እዪ አለቻት። ማን ይመራኛል ብትል፣ መሪ አያሻም፣ በሩ ለሁሉ ክፍት ነው፣ እግርሽ ወዳደረሰሽ ሂጂ ተባለች።

ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ከአጸዱ በር ስትደርስ ቆመች፤ ዘበኛ መጥቶ «ማን ነሽ? የማን ነሽ?» እስኪላት ጠበቀች። የሚጠይቅ የለም። ሰው ልጁን አዝሎ፣ ዱላውን ተመርኩዞ ይገባል፣ ይወጣል። አንድ እግሯን አስገባች፤ ዝም። ሁለተኛውን አስከተለች፤ አሁንም ዝም። አራዳ ቢሆን ከአንድ ሹም አዳራሽ ለመድረስ ስንት ደጅ ይጠናል፤ እሷ ከንጉሥ ግቢ እንደ ቤቷ ሰተት ብላ ገባች።

ከዚያማ መሄድ ሳይሆን መብረር ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ነጫጭ የድንጋይ ሰዎች ራቁታቸውን ቆመዋል። አፍራ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ጣል አደረገች፤ ጥቂት እንዳለፈች ግን በነጠላው ስስ በኩል ማየቷ አልቀረም። ውኃ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ሰማይ ይወረወራል፤ ነፋስ ፍንጣቂውን ሲያመጣላት እንደ ጠበል ፊቷን ሰጠችው። ከዛፎቹ መካከል ወርቅ የተቀቡ ምስሎች ሻይ እንደሚጠጡ ሆነው በአንዲት ትንሽ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ እነሱን ሁለት ጊዜ ዞረቻቸው። ወዲያ ስትል ሌላ መንገድ፣ ወዲህ ስትል ሌላ አበባ። በቃሽ የሚላት የለም።

በእርከን የተተከለውን ወይን እያየች ሽቅብ ወጥታ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ደረሰች። በሣሩ ላይ የተነጠፉ የመቃብር ድንጋዮች አየችና የመኳንንት መስለዋት ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። አጠገቧ ተቀምጠው ሹራብ የሚሠሩ አሮጊት ሳቃቸው አመለጣቸው። የንጉሡ ውሾች መቃብር ነው አሏት። ወርቅአፈራሁም ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እንባቸው እስኪፈስ አብረው ሳቁ።

ሳቁ አላመዳቸውና አሮጊቷ ከቤተ መንግሥቱ ጥግ ትልቅ ክንፉ የሚታየውን፣ በነፋስ የሚዞር ወፍጮ አሳዩዋት። የዚያ ወፍጮ ጩኸት ንጉሡን አውኳቸው፣ ይፍረስ አሉ ይባላል። ባለወፍጮው ግን እንቢ አለ።

«ንጉሡን እንቢ አለ?» አለች ወርቅአፈራሁ።

«አዎ። በርሊን ዳኛ አለ አላቸው።»

«ገደሉታ?»

«የለም ልጄ፣ ተዉት። ወፍጮው ይኸው ቆሟል።»

እውነት ይሁን ተረት አሮጊቷም አያውቁም፤ ብቻ አገሩ እንዲህ ይላል። ወርቅአፈራሁ ግን ተቀምጣ መስማት አቃታት። ተነሥታ ወደ ወፍጮው ገሠገሠች፣ ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰች፣ ዙሪያውን ዞረች። «ሰማይም ታረሰ በይኛ» አለች ለራሷ በአማርኛ።

እመቤቲቱ ድና አዲስ አበባ እንደ ተመለሱ፣ ወርቅአፈራሁ የመንገዱ ድካም ሳይወጣላት ባላምባራስን ከሰሰች። ዘመዶቿ እግሯ ላይ ወደቁ፤ አልሰማችም። የችሎቱ ቀን ባላምባራስ ኩታቸውን ደርበው ቆሙና፣ ይህች ሴት ፈረንጅ አገር ደርሳ ልቧ አብጦ ነው አሉ። ሰው ሳቀ።

«ልክ ብለዋል፣ አብጧል» አለች። «በዚያ አገር ባለወፍጮው ንጉሡን ‹ዳኛ አለ› ብሎ አቆማቸው አሉ። እኔ ንጉሥ አልከሰስሁም፤ ጎረቤቴን ነው የከሰስሁ። ጌታዬ ዳኛው፣ በሕግ አምላክ፣ እዚህስ ዳኛ የለም ወይ?»

ሳቁ ቀጥ አለ። ዳኛውም የሰፈሩ ሽማግሌዎች ወሰኑን አይተው እንዲመሰክሩ አዘዙ። ሽማግሌዎቹም መጀመሪያ ፈሩ፣ አመነቱ፤ ኋላ አንዱ ደፍሮ የድሮው ቅንጭብ አጥር የነበረበትን ሲያሳይ ሌሎቹም ተከተሉት። አጥሩ ወደ ቦታው ይመለስ ተባለ። የጌሾው ነገር ግን አንዴ ተበልቷልና ምንም አልተደረገም።

ባላምባራስ ዓመት ያህል ሰላምታ ነሷት። ከዚያ ሚስታቸው ወይዘሮ የሺ ምጥ ጠናባቸውና ቀድማ የደረሰች ወርቅአፈራሁ ሆነች፤ እስኪገላገሉ ከአጠገባቸው አልተለየችም። ሴት ልጅ ተወለደች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ እናት እንድትሆናት የለመኗት ባላምባራስ ራሳቸው ነበሩ፤ እሷም ጥቂት ካስለመነች በኋላ እሺ አለች።