ጠበቃው ፍርፍሩን ሲከድን

ሞጣ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። እናቴ ቢቸና ሸክላ ትሠራለች፤ ዘራችን ቤተ እስራኤል ነው። የምርጫ ክርክር አለ ሲባል አዳራሽ ሄድኩና አንዱን ተወዳዳሪ ስለ እጅ ባለሙያዎች መሥሪያ ቦታ ጠየቅሁት። ሰውየው ጥያቄዬን ወዲያ ብሎ እናቴን ወደ መዝለፍ ዞረ።

«ይኼ የሸክላ ሠሪ ልጅ! ጌታን የሰቀሉ የአይሁድ ዘር፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን ቡዳ፣ እኛን ሊጠይቅ ነው?»

አዳራሽ ሙሉ ሰው አውካካ። ያስተማርኳቸው ልጆች ሳይቀሩ ሳቁ! አወያዩን «አስቁመው እንጂ!» ስለው፣ «ሐሳብን መግለጽ መብት ነው፤ አንተው አይደለህ የምታስተምረው?» አለኝ። ደሜ ፈላ። እኔ የማስተምረው ሹም መውቀስ መብት ነው ብዬ ነው። የሰው እናት ጅብ ናት ማለትን መቼ አስተማርኩ?

ንግግሩ በስልክ ተቀርጾ ቢቸና ገባ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሴቶቹ እናቴን ሲያዩ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ሸፈኑ። አንድ ጀበና ሳትሸጥ ተመለሰች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ወደተቀመጠችበት ገበያ ዳግመኛ አልወጣም አለች። ይኼ ነው ያንገበገበኝ።

ሞጣ ያለ አንድ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። የተማረ፣ ደፋር ሰው ነው። «የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ አለ። ይኼ ወንጀል ነው! እናትህን አምጣቸው፣ አቤቱታው ላይ ይፈርሙ» አለ ከእኔ ብሶ ተቆጥቶ። እናቴን «እሱ እንደነዚያ አይደለም፣ ሕግ የሚያውቅ ነው» እያልኩ በስንት ልመና በአውቶቡስ አመጣኋት።

ስንገባ ምሳውን እየበላ ነበር። «ይግቡ እማማ፣ እንብላ!» ብሎ ብድግ አለ። ብድግ ሲል ግን እጁ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አንሥቶ ፍርፍሩን ከደነው። የእናቴን ዐይን ፈርቶ! የከደነበት ደግሞ የእኛኑ አቤቱታ ነው።

ያደረገው ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ። «ዝንብ… ዝንቡ አስቸግሮኝ…» አለ።

«የምን ዝንብ ነው የምታወራው!» ብዬ ጮህኩበት። አፈር ብላ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

እናቴ እጄን ያዘችኝ። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ወረቀቱን ከሳህኑ ላይ አነሣች። ዘይት ጠጥቷል።

«እፈርማለሁ ልጄ» አለችው፤ «መጀመሪያ ግን እያየሁህ ብላ።»

ጠበቃው እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደ። ጠቀለለ። እናቴ ዐይኗን አልነቀለችም። ጉርሻውን እንደያዘ፣ ሳይጎርሰው አንገቱን ደፍቶ ቀረ።

ሳትፈርም ተነሣች።