የረጋው በርበሬ

ደባርቅ ገበያ ቅመም ከሚሸጡት ሴቶች ሁሉ ዝምተኛዋ አልጣሽ ናት። ገዢ ሲመጣ እንኳ ቀና ብላ አታይም፤ ጣሳውን ሞልታ፣ ምርቃቱን በጣቷ ቆንጥራ ታክላለች፣ አለቀ። ሃያ ዓመት ኮረሪማና አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የጊች ሰዎች ከተራራው የሚያወርዱትን ደረቅ ጦስኝ ሸጣለች። በርበሬውንም ራሷ ቀንጥሳ፣ ራሷ ደልዛ ነበር የምትሸጠው። ዘንድሮ ትከሻዋን አመማትና እንዳለው የሚባል ነጋዴ ከቆላው፣ ከዛሪማ ያመጣውን የተፈጨ በርበሬ ወሰደች። ደም የመሰለ፣ የሚያብረቀርቅ። አዝሙድ ስላበዛበት ሌላው ሽታ አልታወቃትም። ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛው ሳምንት ነበር፤ ጎረቤቷ መነኩሲት፣ እማሆይ ታንጉት፣ እንደ ሌሎቹ የሰፈር ሰዎች ከዚያው አንድ ጣሳ ገዟት።

በማግስቱ ማለዳ ብርዱ ያው የደባርቅ ብርድ ነው። አልጣሽ ገበያ ወጥታ ጆንያውን ፈትታ እጇን ብትከት በርበሬው ጓል ሆኗል። ጓሉን ስትፈረክሰው ጣቷ ላይ ነጭ ነገር ቀረ፤ የሚያዳልጥ፣ ጥፍር ሥር የሚሸጎጥ። አሸተተችው። የበግ ሞራ ነው። እጇን በነጠላዋ ጠረገች፣ ነጠላዋም ቀፈፋት።

እንዳለው ጥርሱን እየጎረጎረ መጣ።

«ምነው እቴ አልጣሽ፣ ኮሶ የጠጣሽ መሰልሽ?»

«ምን ቀባኸው?»

«የኑግ ዘይት ነዋ። እንዲያምር።»

«ኑግ አይረጋም።»

ሳቀ። ጢሙ ላይ የእንቁላል ፍርፋሪ አየች። «ዛሪማ ሙቀት ነው፣ አያስነቃም። የእናንተ ብርድ አጋለጠኝ እንጂ ወጥ ውስጥ ገብቶ ማን ያየዋል? አንቺ እንደሁ አታወሪ።»

ከተናገረች ከእንግዲህ ማን ከእሷ ይገዛል? ካልተናገረች ደግሞ እማሆይ፣ ከመነኮሱ ወዲህ ጥሉላት በአፋቸው ያልዞረ ሴት፣ ሞራ ሊበሉ ነው። ጆንያውን አስራ፣ ምንም ሳትሸጥ፣ እስከ ስምንት ሰዓት ተቀምጣ ዋለች። ከዚያ ተነሣች።

እማሆይ ከቅዳሴ ተመልሰው ሽሯቸው ላይ እያማተቡ ሳለ አልጣሽ ደረሰች።

«እማሆይ… አይቅመሱት።»

«ለምን ልጄ?»

«ሞራ አለበት። በርበሬው።» ቃሉን ስታወጣው አፏን ምራቅ ሞላው።

እማሆይ ሳህኑን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። ጠርዙ ላይ ነጭ ቆዳ ሠርቷል። ገና ሲያዩት ከንፈራቸው ተጣመመ።

«ውሰጂና አመድ ላይ ድፊልኝ። ድመቷ እንዳትነካው፣ እሷም ከእኔ ጋር ጾም ይዛለች።» ሳህኑን እየሰጧት «አንቺስ ቀመስሽ?» አሉ።

«ትናንት ማታ በላሁት።»

«ለንስሐ አባትሽ ትናገሪያለሽ። የገዙሽ ሌሎቹስ?»

«በየቤታቸው እሄዳለሁ።»

«አንቺ? በሰው ደጅ ቆመሽ ልታወሪ?»

«ምን ላድርግ እማሆይ፣ እየበሉት እኮ ነው።»

ውሃ ለምና ከደጅ ሦስቴ ተጉመጠመጠች። ሞራው ላንቃዋ ላይ የተለጠፈ እየመሰላት፣ እየተፋች፣ የሚቀጥለውን ቤት አንኳኳች።