«ተነስቷል» የተባለው አውሮፕላን

የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ገና ሣር ሜዳ በነበረበት ዘመን፣ የአንድ ትንሽ የግል አየር መንገድ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ስሙን አልጠራውም፤ አፌን ይመረኛል። አለቆቻችን አዲስ አበባ ተቀምጠው፣ መለዋወጫ ጠፍቶ አውሮፕላን ሲቆም እነሱ የቢሮ ሶፋ ይቀይራሉ። በረራ በቀረ ቁጥር ለኔ የሚሰጡኝ መልስ አንድ ነው፤ «አየሩ ነው በያቸው።» ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ እኔ «ደመና ነው» እላለሁ። ሰዉ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል። «ደመናው ያንቺ ቢሮ ጣሪያ ላይ ነው እንዴ?» ያለኝም አለ።

አንድ ነገር ግን አይዋሽም ነበር። ሜዳው ከተማው መሃል ስለሆነ ከብት ይግጥበታል፣ ወጣቶች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ገበያተኛ ያቋርጠዋል። ከዋናው መሥሪያ ቤት ተደውሎ «ተነስቷል» ሲባል ብቻ ነው ዘበኛችን ፊሽካውን ነፍቶ ከብቱንም ሰዉንም የሚያስወጣው። ስለዚህ ከተማው እኔን ትቶ ሜዳውን ያምን ነበር። ሜዳው ባዶ ከሆነ አውሮፕላኑ አየር ላይ ነው፣ አለቀ።

ጎረቤቴ ከወላይታ የመጣ ግንበኛ ነበር። ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ወገቡ ተሰበረ፤ ትኩሳትም ጨመረበት። ሐኪሙ «ሳትውሉ ሳታድሩ አዲስ አበባ አድርሱት» አለ። ሽንኩርትና ቃሪያ የምትቸረችር ሚስቱ እኔ ጋ መጥታ ትኬት ቆረጠች። በበረራው ጠዋት ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ሜዳው ጥግ አስቀመጠው። ባዶ ላንድክሩዘር ይዞ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ ሹፌር አይቷቸው አዘነና፣ «አርባ ምንጭ ላድርሳችሁ፣ ከዚያ የአዲስ አበባ መኪና አይጠፋም፤ ፍራሽ አንጥፉለት፣ በቀስታ እነዳለሁ» አላት ሚስቱን። እሷ አመነታች። የቀይ አፈር መንገድ ያኔ ጤነኛውን እንኳ ወገቡን ያስይዘዋል። በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው።

«ተነስቷል!»

ዘበኛው ፊሽካውን ነፋ። ላሞቹ ወጡ፣ ኳሱ ቆመ። እሷም ባዶውን ሜዳ አይታ ሹፌሩን «ወንድሜ፣ ጌታ ይባርክህ፣ የኛ መጣልን፤ አንተ ሂድ» አለችው። ሄደ።

አውሮፕላን ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ የለም። ስደውል ሥራ አስኪያጁ «መንገድ ላይ ተበላሽቶ ተመልሷል፣ ነገ ይመጣል» አለኝ። ያንኑ ነገርኳት። ነገም አልመጣም። ሰውየውን ወደ ሆስፒታል መለሱት፤ እሷ ሌላ መኪና ፍለጋ ስትንከራተት እሱ አረፈ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እውነቱን የሰማሁት በለቅሶው ሰሞን ነው። አዲስ አበባ ያለች ባልደረባዬ ደውላ ነገረችኝ። ለካ አውሮፕላኑ ሞተሩ ተፈታትቶ፣ ያን ቀን ከጥገና ክፍል ንቅንቅ አላለም! ሥራ አስኪያጁ «ተነስቷል» ያለው መንገደኞቹ ትኬት መልሰው እንዳይሄዱበት ነው። ደሜ ፈላ። በደመናው መዋሸቱስ ይሁን፤ በዚህኛው እንዴት ይዋሻል? እዚያው እያለሁ ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

ብዙም ሳይቆይ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ጂንካ መጣ። በመኪና ነው የመጣው፤ በራሱ አውሮፕላንማ ምን በወጣው! «ደንበኛ ማጽናናት ያስፈልጋል» ብሎ ለቅሶ ቤቱን እንዳሳየው አዘዘኝ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጦ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። ማን እንደሆነ ነገርኳት።

«አሜን፣ ጋሼ» አለችው። «አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ተበላሸ ሲሉኝ ደነገጥኩ። እንደው ውስጡ የነበሩት ሰዎች ተረፉ?»

ባሏን ቀብራ ለማታውቀው ሰው ትጨነቃለች። እሱ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ይመስገን፣ ሁሉም በደህና ገብተዋል» አላት።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «እህቴ፣ ውስጡ ማንም አልነበረም» አልኳት። «አውሮፕላኑ ከመጀመሪያውም አልተነሳም።»

ሰውየው ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። እሷ እኔን አላየችኝም፤ ወደ እሱ ዞረች።

«ታዲያ ያንን መኪና ለምን አስለቀቁኝ?»