ከቦታው የተነሳው ፋይል

ደንበኞቿ «እትዬ ቆይ» ይሏታል። ስሙን ያተረፈላት የገዛ አፏ ነው። ኮምፒውተሩ አልነሳ ያለው ሰው ሁሉ ቁልፎቹን እየደበደበ ሲደርስባት፣ «ቆይ! መጀመሪያ ምን እንደሚል እናንብብለት» ትላለችና።

በጥገና ሥራዋ አንድ የማትጥሰው ሕግ ነበራት፤ ፋይል አትሰርዝም። ማሽኑን ያበላሸው ይሆናል ብላ በጠረጠረችው ፋይል ስም መጨረሻ ላይ «ቆይ» የሚል ቃል ትጨምርበታለች። ማሽኑ በአዲሱ ስም ስለማያውቀው አልፎት ይሄዳል፤ ጥርጣሬዋ ስህተት ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ቃሉን አንስታ ፋይሉን ወደ ሥራው ትመልሰዋለች። ይህን አሠራር ያስተማረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ አብሯት ለሚሠራው ለታናሽ እህቷ ባል። የደንበኞቿን ኮምፒውተሮች የይለፍ ቃልም የሰጠችው ለእሱ ብቻ ነው።

ወደ ሥራው ያስገባችው እህቷ ለምናት ነው። ሰነፍ አልነበረም፤ እጁ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ፍጥነትን ከችሎታ ይቆጥር ነበር። «ቆይ» የሚለውንም ቃል ሁልጊዜ ከፋይሉ ስም ፊት ይጽፈዋል። «ኋላ ላይ አድርገው፤ ፋይሎቹ ተርታቸውን እንዳይለቁ» ብላ ስትቆጣው፣ «እትዬ ደግሞ! ፊትም ሆነ ኋላ ያው ቆመ አይደል?» ብሎ ይስቃል። እሷም አብራው ትስቅ ነበር። መሳቅ አልነበረባትም።

ከደንበኞቿ አንዱ የሆነው የደም ምርመራ ላብራቶሪ በዚያ ሰሞን ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነበርና፣ ኃላፊው የሁለቱን ቤት ኮምፒውተሮች ለአንድ ሰው አደራ ሊሰጡ እሷን አጭተዋት ነበር። ከበር ወደ በር ስትሮጥ ለኖረች ሴት፣ የራሷ ወንበርና የራሷ ቁም ሳጥን ያለበት ቋሚ ሥራ ማለት ነው። ወሬውን መጀመሪያ ያበሰረችው ለእህቷ ቤት ነበር። እህቷ አቅፋ ሳመቻት። የእህቷ ባልም «እንኳን ደስ ያለሽ እትዬ! ትልቅ ሰው ስትሆኚ እንዳትረሺን ብቻ» አላት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የላብራቶሪውን የእንግዳ መቀበያ ኮምፒውተር ከአቧራ አጽድታ ስትመለስ የመሣሪያ ቦርሳዋን እዚያው ረስታ መጣች። የእህቷ ባል «በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ እኔ አመጣልሻለሁ» አለ፤ አመጣላትም። አመስግናዋለች።

በነጋታው ጠዋት ከላብራቶሪው ተደወለላት። ስትደርስ መጠበቂያው ክፍል ጢም ብሏል። እንግዳ ተቀባይዋ ገና ከበሩ ተቀበለቻት።

«ትናንት ነካሽው፣ ዛሬ ሞተ! እጅሽን ምን ነክቶት ነው እትዬ?»

ክንዳቸው ላይ ጥጥ የተለጠፈላቸው አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ሆነው፣ «እኔ ደሜን ሰጥቻለሁ፤ ወይ ውጤቱን ስጡኝ ወይ ደሜን መልሱልኝ» አሉ። ሰዉ ሳቀ። ኃላፊው ግን አልሳቁም፤ እጃቸውን አጣጥፈው ይመለከቷት ነበር።

ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ከላዩ አንዲት ነጭ የጽሑፍ መስመር አለች። እትዬ ቆይ እንደ ልማዷ አነበበቻት፤ ማሽኑ ሲነሳ ምኑን ከየት እንደሚጭን የሚነግረው ፋይል ጠፍቷል ትላለች። ያች ትንሽ ፋይል ከሌለች፣ ሌላው ሁሉ በቦታው ቢኖርም ኮምፒውተሩ መንገዱን አያውቀውም። በያዘችው ፍላሽ ማሽኑን አስነስታ ዲስኩን ከፈተች። የበሽተኞቹ ውጤት አንድም አልጎደለም። ከዚያ የማስነሻ ፋይሎቹን ማህደር ከፈተች።

ፋይሉ አልጠፋም ነበር፤ እዚያው አለ። ስሙ ላይ «ቆይ» ተጨምሮበታል።

መጀመሪያ ራሷን ተጠራጠረች፤ ፊቷም በሐፍረት ጋለ። ቀጥላ ልብ ብላ አየችው። ቃሉ የተጻፈው ከስሙ ፊት ነው።

ጣቶቿን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች።

«አቃተሽ?» አሉ ኃላፊው። «የእህትሽ ባል ጠዋት ደውሎልኝ ነበር። ካቃታት እኔ ወዲያው አስነሳዋለሁ ብሎኛል።»

«ኮምፒውተሩ አልነሳ ማለቱን ማን ነገረው?»

ኃላፊው ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ዞሩ። «እኔ የደወልኩት ለእሷ ብቻ ነው» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ ግን እየቀነሰ መጣ። «ትናንት ቦርሳውን ሊወስድ ሲመጣ፣ አንዴ ልየው ብሎኝ ወንበሬን ለቅቄለት ነበር። የቤትሽ ሰው ነው ብዬ እኮ ነው!»

እትዬ ቆይ ወደ ቁልፎቹ ተመለሰች። ቃሉን አነሳች፤ ማሽኑን አጥፍታ አበራች፤ ተነሳ። «ደሜ ተገኘ!» አሉ ሽማግሌው።

ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ለእህቷ ደወለች። የሆነውን ስትነግራት እህቷ አልደነገጠችም።

«ምን አጠፋ?» አለች። «ፋይሉን አልሰረዘው! ወደ ጎን ነው ያደረገው፤ አንቺው ያስተማርሽውን።»

«ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

«እኛ ልጆች አሉን እትዬ። አንቺ ብቻሽን ነሽ፤ ያን ሁሉ ሥራ ምን ታደርጊበታለሽ? ዛሬ ብቻ እኔ ነኝ ያጠፋሁት በይላቸው። ለእኔ ስትይ።»

ለጥንቃቄ ብላ ያወጣችው ሕግ ለክህደት መሸሸጊያ ሆኖ ተመለሰላት። የከዳት ሰው ይቅርታ የሚጠይቅ ቢሆን ኖሮ ታዝንለት ነበር። እህቷ ግን የጠየቀቻት ይቅርታ ሳይሆን ውሸት ነው፤ ለዚያም ዋስ አድርጋ ያቀረበችው እህትነታቸውን ነው። ስልኩን ዘጋችው።

ኃላፊው በር ላይ ይጠብቋታል። «ጥፋቱ ያንቺ ነው?»

«ያበላሸው የእህቴ ባል ነው፤ ሥራው ከእኔ እንዲወሰድ ብሎ። የይለፍ ቃሉን የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ። ይኼኛው የእኔ ጥፋት ነው።»

ኃላፊው ያጣጠፉትን እጃቸውን ፈቱ። አላጽናኗትም፤ አላመሰገኗትምም።

«አሁኑኑ ቀይሪው» አሉ። «ነገ ጠዋት አዲሱ ቅርንጫፍ እንገናኝ። ብቻሽን ነይ።»

«ብቻዬን ነኝ» አለች።

የይለፍ ቃሉን ቀየረችና የመሣሪያ ቦርሳዋን አንጠለጠለች። ከመውጣቷ በፊት ምንም አለመርሳቷን ለማረጋገጥ ጠረጴዛውን ዞራ አየችው።