ጃኬቱን በክንዱ የያዘው ሰውዬ

ቡራዩ ተከራይቼ ስለምኖር ከሥራ ስወጣ የምሳፈረው ከፒያሳ ነው። የመንገድ ሥራው የታክሲ መጫኛውን በቆርቆሮ ካጠረው ወዲህ ግን ታክሲው ከየት እንደሚጭን የሚያውቅ ሰው የለም።

ባለፈው ታክሲ ፍለጋ ስዞር አንድ ሰውዬ ይከተለኝ ጀመር። ጃኬቱን አልለበሰውም፤ ክንዱ ላይ ጣል አድርጎታል። ጃኬት እንዲህ የሚይዝ ሰው እጁ ከሥር ምን እንደሚሠራ ስለማውቅ ስልኬን ወደ ደረት ኪሴ አዛወርኩ። መንገድ ስሻገር ተሻገረ። በአሮጌዎቹ ቤቶች መሃል ባለው ቅያስ ስታጠፍ ታጠፈ። አልፎኝ ይሂድ ብዬ አጥሩ ሥር ቆምኩ። እሱም ከኋላዬ ቆመ።

"አካም ጂርታ" ብሎ በትህትና ሰላም አለኝ። ማዘናጊያ ነው ብዬ የደረት ኪሴን በእጄ ሸፈንኩ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሰው መጥቶ ከኋላው ቆመ። ግብረ አበሩ መሆን አለበት። ቀጥላ ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴትዮ መጣች። ሌባ እንዲህ ተሰልፎ ሲመጣ አይቼ ስለማላውቅ ዞርኩበት።

"ወንድሜ፣ ለምንድነው የምትከተለኝ?"

ግራ ተጋባ። "ጠዋት ከቡራዩ አብረን አይደል የመጣነው? ታክሲው የሚጭንበትን ታውቃለህ ብዬ ነዋ። ሰልፉ እዚህ አይደለም እንዴ?"

አይደለም ልለው ስል አንድ ሚኒባስ ተሰልፈን አይቶን ጥግ ያዘ። ረዳቱ "ቡራዩ፣ ቡራዩ" እያለ በሩን ከፈተ።

በማግስቱ ስመጣ ሰልፉ ቅያሱ ውስጥ ገብቷል። ትናንት ወደቆምኩበት ቦታ ስጠጋ ያው ሰውዬ ጃኬቱን በክንዱ እንደያዘ በጥርጣሬ አየኝና፣

"ወንድሜ፣ ሰልፍ አለ" አለኝ።