አባ፣ እምቢ ይበሏቸው

አትጠገብ ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ እኔ ደግሞ አጥር ለአጥር ጎረቤቷ። በደርግ ጊዜ ቀበሌው የእሑድ ጠዋት ስብሰባ ሲጠራ የቀረ ሰው ወዮለት። እሷ ግን ካቶሊክ ናትና በማለዳ ቅዳሴዋን አስቀድሳ፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች ዘግይታ ትደርሳለች። ሊቀ መንበሩ በግልምጫ ያነሳታል፤ እሷ እንዳላየች ሆና ትቀመጣለች። እንዲህ ያለችውን ደፋር አንገቷን የሚያስደፋት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቁርባን አትቀበልም።

ባሏ ሰይድ መካኒክ ነው፤ ሙስሊም ነው። በወጣትነታቸው ተዋደዱ፤ አባቷ ለሙስሊም አልድርም እንደሚሉ ስላወቁ ሽማግሌ ሳይላክ ተያይዘው ደሴ ገቡ። አባቷ ሳይታረቋት ሞቱ። ኋላ ኮምቦልቻ ተመልሰው ወደ ሃያ ዓመት ተፋቅረው ኖሩ፤ እሱ ጁምዓውን፣ እሷ እሑዷን። ታዲያ ጋብቻቸው በቤተ ክርስቲያን ስላልተባረከ መቁረብ አይፈቀድላትም። ሰው ሁሉ ለቁርባን ተነሥቶ ሲሰለፍ እሷ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ትቀራለች። ይህን ለሰይድ ነግራው አታውቅም። እኔም ያወቅሁት አንድ ቀን ቀሚስ ስትለካኝ ዕንባዋ ስላመለጣት ነው።

ከዚያ አባ ሉቃስ የሚባሉ ቄስ መጡ፤ የከምባታ ሰው፣ ረጅም፣ ሳቂታ። ነገሩን ሲሰሙ ከጳጳሱ ፈቃድ አስመጡላት። ሰይድ ሃይማኖቱን ሳይለውጥ ጋብቻው ይባረካል፤ እሷም ትቆርባለች። በዚያ ሰሞን ግን ቤተ ክርስቲያኑ ሊወረስ ነው የሚል ወሬ ይናፈስ ስለነበር መቸኮል ነበረባቸው።

ለሰይድ፣ «አባ ጋብቻችንን ሊባርኩልን ነው» ብቻ አለችው።

ሰይድ፣ «ያኔ ያለ ሽማግሌ ነው የወሰድኩሽ» አለ። «አሁን ግን ወላሂ በወጉ ሳላስጠይቅሽ አልገባም። አባትሽ የሉም፤ እኒያ ቄስ አባትሽ ይሁኑ።»

ከጁምዓ ሰላት በኋላ የሰፈራችን ሼህ ኑርሁሴን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው አባ ሉቃስ ደጅ ቆሙ። አባ ነገሩን እስኪጨርሱላቸው እንኳ አልጠበቁም። ብድግ ብለው፣ «በደስታ! ሰጥቻለሁ!» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በእኛ አገር ልጅ እንዲህ አትሰጥም። እንመካከር ይባላል፣ ተመለሱ ይባላል፣ ሽማግሌ ደጅ ይጠናል። በመጀመሪያው ቀን የተሰጠች ልጅ ቤተሰቧ ሊገላገላት የቸኮለ ነው የሚመስለው። ሼህ ኑርሁሴን አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ሰይድ ሲሰማ መፍቻውን ወርውሮ ከጋራዡ ወደ ቤቱ ገባ።

«ሚስቴን እንደ አሮጌ ጎማ ገፍተው ሰጡኝ! አባትሽ ቢኖሩ እንዲህ ያደርጉ ነበር? በዚህ ዓይነትማ አልሄድም።»

አትጠገብ ነጠላዋን አፈፍ አድርጋ፣ እኔንም ጎትታ ወደ አባ ሉቃስ ሄደች።

«አባ፣ እባክዎ እምቢ ይበሏቸው።»

«ልጄ፣ እምቢ ብያቸው ቢቀሩስ? ቤተ ክርስቲያኑ ነገ ቢወረስስ?»

ፊቷ ሲገረጣ አየሁ። ያን ያህል ዓመት የጠበቀችው ነገር እጇ ሊገባ ሲል በገዛ አፏ ይቆይ ማለቷ ነው።

«ቢሆንም ይከልክሉኝ» አለች። «አንድ ጊዜ እንኳ ለእኔም ደጅ ይጠና።»

አባ ሉቃስ ወደ ሼህ ኑርሁሴን ሰው ልከው፣ «ቸኩያለሁ፤ ዘመድ ሳላማክር የሰጠሁትን ቃል አንሥቻለሁ» አሏቸው። ሼሁ ፊታቸው በራ። በሚቀጥለው ጁምዓ ሽማግሌዎቹን ይዘው ሲመጡ አባ ኮስተር ብለው፣ «ልጄ ገና ናት፤ ትደግ እንጂ» አሉ። ልጅቱ አርባ ዓመት አልፏታል። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ተከልክለው ሲወጡ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

ቀጥሎም «እንመካከር» ተባሉ። አትጠገብ በእነዚያ ሳምንታት እንቅልፍ አልነበራትም፤ የአብዮት ጥበቃ ባለፈ ቁጥር መቀሷን ጥላ የቤተ ክርስቲያኑ በር አለመታሸጉን ልታይ ትሮጣለች። እኔ «አብሽሪ» እላታለሁ እንጂ እኔም ፈርቼ ነበር። በስተመጨረሻ ተሰጠች። ሼህ ኑርሁሴን «አልሐምዱሊላህ፣ በስንት ልመና!» እያሉ ሰፈሩን አዳረሱት።

ንስሐ ገባች፤ ቅዳሜ ጋብቻው ተባረከ። እሑድ ሰይድ አብሯት ቤተ ክርስቲያን ሄደና በሩ አጠገብ ባለው በዚያው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔም ላያት ሄጄ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። የቁርባን ሰዓት ሲደርስ ሰው ሁሉ ተነሣ፤ እሷም ተነሥታ ተሰለፈች። ስትቀበል የታየኝ ትከሻዋ ብቻ ነው። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ሰይድ አግዳሚው ላይ ብቻውን ቀረ። ግራ ቀኙን አየ፤ ማንም የለም። ተመልሳ አጠገቡ ስትቀመጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ሰው ሁሉ ሲነሣ አንቺ እዚህ ብቻሽን ትቀሪ ነበር?» አላት።

«አዎ።»

«በእኔ ምክንያት?»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ለእኔ ብለህ ትለቀኝ ነበር።»

ሰይድ የነጠላዋን ጫፍ በእጁ ጨበጠ፤ ቅዳሴው እስኪያልቅም አልለቀቀውም።